ኮሜዲውን ከመሃል፣ አልበሙን ከመጀመሪያው

«አንድ አሪፍ ኮሜዲ ጠቁመኝ» ሲሉኝ ቀድሜ የምጠይቀው ከማን ጋር እንደሚያዩት ነው። ለብቻ ከሆነ ሌላ ነው። ከእናትና ከታናናሾች ጋር ከሆነ ሌላ። ከሥራ መልስ ግማሽ ዓይኑን ከድኖ ለሚያይ ሰው ደግሞ ሌላ። አብዛኛው ሰው ግን ይህን ሳይጠይቅ «ፍሬንድስን እይ፣ አለቀ» ብሎ ይልካችኋል፤ እናንተም ከምዕራፍ አንድ ክፍል አንድ ትጀምራላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ ትሰለቻላችሁ፣ ከዚያ «የፈረንጅ ቀልድ አያስቀኝም» ብላችሁ እርግፍ አድርጋችሁ ትተዉታላችሁ።

ኧረ ያስቃል። አጀማመሩ ነው ችግሩ። እኔ የምከተላት ሕግ አንዲት ናት፦ ኮሜዲ ከመሃል ይጀመራል፣ አልበም ከመጀመሪያው። ሰው የሚያደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው። ኮሜዲውን ከአንድ ይጀምራል፣ ከአልበሙ ደግሞ አንዲት ዘፈን መዞ ሌላውን ይተወዋል። ተከታታይ ኮሜዲ ሲጀመር ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ገጸ ባሕርያቱን ገና አልለመዷቸውም። ተዋናዩም የሚያስቅ ነገሩን የሚያገኘው እየቆየ ነው። ጥሩ አልበም ግን ገና ከመውጣቱ በፊት የትኛው ዘፈን ከየትኛው ይቅደም ተብሎ ተጨቃጭቀውበታል። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች ናቸው፣ ካልሆነም እነግራችኋለሁ።)

ሳሎን ውስጥ ሰው ካለ

ሚስተር ቢን። ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ከ1990 እስከ 1995 የተሠራው በሙሉ 15 ክፍል ብቻ ነው፣ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አያትም ሕፃንም እኩል ይስቃሉ። ሕጌን የሚጥስ ብቸኛ ኮሜዲም እሱ ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍል መጀመር ይቻላል። እዚያው ላይ ቢን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መዝሙር ይዘመራል። መጽሐፍ የለውም፣ አጠገቡ ያለው ሰውዬም አያሳየውም። ስለዚህ እያጉተመተመ ይቆይና «ሃሌ ሉያ» የምትለዋ ስትደርስ እንደ ሊቀ መዘምራን ድምፁን ለቆ ያስነካዋል። ያቺ ብቻ ናት የምትታወቀው። ቅዳሴ ላይ ተሰጥኦው ጠፍቶበት ከንፈሩን ያንቀሳቀሰ ሰው ይህን አይቶ ካልሳቀ እንጃ።

እንግሊዝኛ የሚከታተል ቤተሰብ ከሆነ «ኤቭሪባዲ ሄትስ ክሪስ» ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። ኮሜዲያኑ ክሪስ ሮክ በ1980ዎቹ ብሩክሊን ውስጥ ያደገበትን ዘመን ራሱ እየተረከ ያሳየናል፤ ከ2005 እስከ 2009 በ4 ምዕራፍ 88 ክፍል ወጥቷል። የዚህ ኮሜዲ ንጉሥ አባትየው ጁሊየስ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ማታ ደክሞት ይገባል፣ የፈሰሰውን ወተት አይቶ ወዲያው በሳንቲም ይተምነዋል። ልጁ ሊተኛ ሲል ሰዓቱን ከሶኬት ንቀል ይለዋል፣ ተኝተህ ሰዓት አታይበት ብሎ። ዋሽንግተንም ሆነ ሚኒያፖሊስ ቀን አንድ ሥራ ማታ ሌላ ሥራ የሚሠሩ አባቶች ቤት ያደጉ የእኛ ልጆች ይህን ሰውዬ ማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። አባትም አብሮ ካየ ደግሞ የበለጠ ይጣፍጣል፤ «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው? ልክ ነው እኮ» ይላል።

«ፍሬሽ ፕሪንስ» (1990 እስከ 1996) ከዚህ ቀለል ይላል። ዊል ስሚዝ ገና ልጅ እግር ነው፣ ቀልዱም ፈታ ያለ ነው። አንድ ክፍል ብቻ እንዳታልፉ፤ ጥሎት የሄደው አባቱ ከስንት ዓመት በኋላ የሚመጣበትን፣ የ1994ቱን። መጨረሻው ላይ ማንም አይስቅም።

ፍሬንድስ ወይስ ሳይንፌልድ

ይህ ክርክር ቡና ቤት ያጣላል። ሁለቱም ኒውዮርክ፣ ሁለቱም ኤንቢሲ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ፣ ሁለቱም ሥራቸው ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። ፍሬንድስ ውስጥ ያሉት ስድስቱ እንድትወዷቸው ተደርገው ነው የተጻፉት። ሳይንፌልድ ውስጥ ያሉት አራቱ ግን ጎረቤት ቢሆኑ ቤት ትቀይራላችሁ። የሳይንፌልድ ጸሐፊዎች «መተቃቀፍ የለም፣ ትምህርት መቅሰም የለም» የሚል ደንብ ነበራቸው፣ እስከ መጨረሻው ጠብቀውታል። ማንም አይጸጸትም። ማንም አይሻሻልም። እንደ እኔ ትልቁ ጸጋው እሱ ነው።

ሳይንፌልድን ለመጀመር በ1991 የወጣውን የቻይና ምግብ ቤቱን ክፍል ልመርጥላችሁ። ታሪኩ ይህ ነው፦ ሦስት ሰዎች በር ላይ ቆመው ጠረጴዛ ይጠብቃሉ። በቃ። አስተናባሪው «አምስት፣ አሥር ደቂቃ» ይላል። አሥር ደቂቃ ያልፋል። አሁንም «አምስት፣ አሥር ደቂቃ»። ኢሌን በረሃብ ልታብድ ነው፤ ከሰው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥቅልል አንስታ ብትበላ ጓደኛዋ ጄሪ 50 ዶላር እሰጥሻለሁ ይላታል፣ ሄዳ ሰዎቹን በሹክሹክታ ልትደራደር ትሞክራለች። ጆርጅ የሴት ጓደኛው ስልክ እንድትደውልለት ይጠብቃል፤ አስተናባሪው ግን «ካርትራይት! ካርትራይት!» ብሎ ሲጣራ ኮስታንዛ የተባለው ጆርጅ እሱን መሆኑ አልገባውም፣ እሷም ዘግታለች። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ወጥተው ይሄዳሉ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ አስተናባሪው ደብተሩን ያይና «ሳይንፌልድ፣ አራት ሰው!» ይላል። የጣቢያው አለቆች ይህን ክፍል መጀመሪያ ሲያዩት አልወደዱትም ነበር፣ ታሪኩ የት አለ ብለው። ባንክ ቤት ቁጥር ይዞ ተቀምጦ፣ ለአንድ ደቂቃ ሲወጣ ቁጥሩ የተጠራበት ሰው ግን ታሪኩ የት እንዳለ ወዲያው ያገኘዋል።

ፍሬንድስ ደግሞ ከምዕራፍ 4 ወይም 5 ቢጀመር ነው የሚያዋጣው። በ1998 የወጣ አንድ ክፍል አለ፣ ሴቶቹና ወንዶቹ ማን ማንን የበለጠ ያውቃል ብለው በጥያቄና መልስ ይወዳደራሉ፣ ውርርዱ እያደገ ሄዶ የሴቶቹ ትልቁ አፓርታማ ላይ ይደርሳል። ቤታቸውን የሚያሳጣቸው ጥያቄ «ቻንድለር ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ስንት ዓመት አብረውት ሲኖሩ አንዳቸውም አያውቁም። ተመልካቹም አያውቅም! ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረው ያዩትም ቢሆኑ አያውቁም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ብትጀምሩ ምንም አልቀረባችሁም።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ ሳይንፌልድ፣ ያለ ማቅማማት። ፍሬንድስ ግን አንድ ነገር ይበልጠዋል፤ ሰው ሲከፋው የሚከፈት ኮሜዲ ነው። አገር ቀይሮ፣ ማንንም በማያውቅበት ከተማ ኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ማታ ማታ ስድስት ሰው ሶፋ ላይ ሲንጫጫ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ሳይንፌልድ እንደዚያ አያጽናናም፣ ሙድ ነው የሚይዝባችሁ። ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ ፍሬንድስ ከእናት ጋር አይታይም። ቀልዱ ግማሹ ስለ አልጋ ነው፣ ሪሞቱ ደግሞ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው የሚጠፋው።

ሼም የሚችል ሆድ ካላችሁ

ዘ ኦፊስ ሁለት ነው። የእንግሊዙ በ2001 የጀመረው 12 ክፍልና የገና ልዩ ዝግጅት ብቻ ነው። የአሜሪካው ከ2005 እስከ 2013 የሄደ 201 ክፍል ነው። የእንግሊዙ ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ እኔም በጥራቱ እስማማለሁ፣ ግን መራራ ነው፤ አለቃው ዴቪድ ብሬንት ላይ ሳቁ ቶሎ ያልቅና እዝነት ይጀምራል። የአሜሪካው ለስለስ ይላል። ምዕራፍ 1ን ዝለሉት። 6 ክፍል ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል ጭራሽ ከእንግሊዙ የተገለበጠ ነው፣ አለቃው ማይክል ስኮትም ክፉ ብቻ ሆኖ ነው የተጻፈው። ከምዕራፍ 2 ጀምሮ ግን ለመወደድ የሚሞት ሰው አደረጉት፤ ያኔ ነው ነገሩ የሰመረው።

ሆዳችሁ ይችል እንደሆነ ለማወቅ የ2008ቱን የእራት ግብዣ ክፍል ሞክሩት። ማይክል የሥራ ባልደረቦቹን እቤቱ ይጠራል። ግድግዳው ላይ የሰቀላት ሚጢጢ ቴሌቪዥን አለች፣ በሷ ይኩራራል። አብራው የምትኖረው ሴትዮ ሻማ ትሸጣለች፣ እንግዶቹን ኢንቨስት አድርጉ ትላለች። የእንግዳ ደንብ ለሚያውቅ አበሻ ግን የመጨረሻው ጥቃት ሌላ ነው። ሰዎቹ ርቧቸው ተቀምጠዋል፣ ሥጋው ገና ሦስት ሰዓት ይፈልጋል ይባላል፣ አንዷ እንግዳ ሦስት ሰዓቱ ከአሁን ጀምሮ ነው ወይስ ቀድሞ የተጣደ ነው ብላ ትጠይቃለች። ከአሁን ጀምሮ ነው። እንግዳ ጠርቶ ያልጣደ ቤት! እኔ እዚህ ላይ ትራስ ፊቴ ላይ አድርጌ ነው የማየው።

ሼም የማትችሉ ከሆነ «ፓርክስ ኤንድ ሬክሪዬሽን» ይሻላችኋል። በ2009 የኦፊስ ሰዎች ናቸው የጀመሩት። የዚህም ምዕራፍ 1 ስድስት ክፍል ነው፣ የዚህም ይዘለላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የፍቅር ዓይነት ኮሜዲ ነው፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ መናፈሻ ቢሮ፣ ሥራዋን ከልቧ የምትወድ ሌስሊ የምትባል ሠራተኛ፣ መንግሥት የሚባል ነገር መኖር የለበትም ብሎ የሚያምን የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ። የሕዝብ ስብሰባዎቹ ግን ይለያሉ። አንዷ ነዋሪ ተነስታ፣ መናፈሻችሁ ውስጥ ሳንድዊች አገኘሁ፣ ለምንድን ነው ማዮኔዝ የሌለው ትላለች። ከምሯ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ሌላ አስተያየት ያለው?» ከተባለ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ኮሜዲ እንደ ዶክመንተሪ ነው የሚያየው።

ብሩክሊን ናይን ናይን መሃል ቤት ነው። ፖሊስ ጣቢያ፣ ፈጣን ቀልድ፣ ብዙ ሼም የለም፣ ለጀማሪም ከየትም ቢነሳ ይገባል። በ2018 የወጣች የአንድ ደቂቃ ተኩል መግቢያ ግን አለቻቸው፣ ለብቻዋ አንድ ምዕራፍ ታህላለች። የወንድሟን ገዳይ ፊቱን ሳይሆን ሲዘፍን ድምፁን የሰማች ምስክር አለች። መርማሪው ጄክ አምስት ተጠርጣሪ አሰልፎ የባክስትሪት ቦይስን «አይ ዋንት ኢት ዛት ዌይ» ተራ በተራ ያዘፍናቸዋል። ዘፈኑ እየሞቀ ይሄዳል፣ ጄክም አብሮ ይጮኻል፣ ስልቱ ጣራ ሲነካ ሴትየዋ «አምስተኛው ነው፣ ወንድሜን የገደለው» ትላለች። ጄክ ደግሞ እሱን ነገር ረስቼው ነበር ይላል።

ግጥም ፈላጊና ምት ፈላጊ

ያቺ ዘፈን በ1999 የወጣች ናት፣ ግጥሟን ቁጭ ብላችሁ ብታነቡት ምን ለማለት እንደፈለገ አይታወቅም። አንዱ ስንኝ ሌላውን ያፈርሰዋል። ከጸሐፊዎቿ አንዱ ማክስ ማርቲን የሚባል ስዊድናዊ ነው፤ የእሱ ትምህርት ቤት ሰዎች ዜማውን ያስቀድማሉ፣ ቃሉ ከዜማው ቀለም ጋር ከገጠመ ትርጉሙ ቢቀርም ይቅር ይላሉ። እኛ ደግሞ ዘፈን ስንሰማ መጀመሪያ «ግጥሙ ምን አለ?» የምንል ሕዝቦች ነን። ስለዚህ ፖፕ ለመምረጥ ከዚህ መነሳት ይሻላል፤ ግጥም ፈላጊ ናችሁ ወይስ ምት?

ግጥም ፈላጊዎችን ወደ ቴይለር ስዊፍት ነው የምልከው። ሰዎች በ2014ቱ «1989» ይጀምራሉ፣ እሱ ራሱ የማክስ ማርቲን እጅ ያለበት የጭፈራ አልበም ነው፣ ይመቻል። ታሪክ የሚነገርበት ግን በ2020 የወጣው «ፎክሎር» ነው። ለድምፅ ብቻ ከሆነ ዊትኒ ሂውስተን፣ ከ1985ቱ የመጀመሪያ አልበሟ። አዴልም አለች፣ የ2011ዱ «21»። ልብ የተሰበረበት ሰው ግን ይህን ማታ አይክፈት፣ ቀን ያድርገው።

ምት ፈላጊ ከሆናችሁ ማይክል ጃክሰን ወይስ ፕሪንስ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። የማይክል «ትሪለር» (1982) እና የፕሪንስ «ፐርፕል ሬይን» (1984)፤ ሁለቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ዘፈን ናቸው፣ ሁለቱም አንድም የሚዘለል የላቸውም ቢባል ግነት አይሆንም። እሺ፣ ትሪለር ላይ ማይክልና ፖል ማካርትኒ በሴት የሚጨቃጨቁባት ዘፈን ትዘለል። ልዩነታቸውን ለመስማት ሁለት ዘፈን ብቻ አጠጋግታችሁ ክፈቱ። «ቢሊ ጂን» ቤዝ ነው፣ ያ ወፍራሙ የታች ድምፅ። ከበሮው ይገባል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ማይክል አፉን ሳይከፍት ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ነው። አዘጋጁ ኩዊንሲ ጆንስ መግቢያው ረዘመ ብሎ ሊያሳጥረው ፈልጎ ነበር፣ ማይክል ግን እንድጨፍር የሚያደርገኝ እሱ ነው ብሎ አስቀረው። አሁን «ዌን ዳቭስ ክራይ»ን ክፈቱ። ቤዝ የለም። ፕሪንስ ቀርጾት ነበር፣ ኋላ አወጣው። የጭፈራ ዘፈን ሠርቶ ቤዙን የሚጥል ሰው ጤነኛ ነው አትሉም፣ ግን በ1984 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆኗል። በትልቅ ስፒከር ሰፈር ለማንቀጥቀጥ ማይክል፣ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻ ፕሪንስ። ማይክል ሁሉም ነገር እስኪሰምር አይለቅም፣ ፕሪንስ ደግሞ እንዳይሰምር የሚፈልግ ነው የሚመስለው። እኔ ዕድሜዬ ሲገፋ ወደ ፕሪንስ እያደላሁ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ማይክልና ላየኔል ሪቺ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ጻፉ፣ ኩዊንሲ አዘጋጀው፣ ጥር 20 ቀን 1977 በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱን ሙሉ ሎስ አንጀለስ ተቀረጸ። ፕሪንስ አልመጣም። ብዙ ሰው እስካሁን ቂም ይዞበታል። ለአልበሙ ግን አንድ ዘፈን ሰጥቷል፣ እሱ አይነገርለትም። የዘፈኑን ውለታ አከብራለሁ፣ እንደ ሙዚቃ ግን የማይክልም የሪቺም ምርጥ ሥራ አይደለም። ከእሱ በፊት የወጣው የእንግሊዞቹ ደግሞ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ የጠየቀው ላሊበላ ላይ ገናን የሚያከብረውን ሕዝብ ነው። ይህንስ ሳይንፌልድም አይጽፈውም።

አቤልን ከየት ልጀምር ለምትሉ

አቤል፣ ዘ ዊክንድ የሚባለው ዘፋኝ፣ ቶሮንቶ ተወልዶ አያቱ ዘንድ አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ስለ ዘ ዊክንድ ሁሉም አበሻ አስተያየት አለው። አብዛኛው ግን የሚያውቀው ሁለት ዘፈን ነው፦ «ብላይንዲንግ ላይትስ» (እዚህም ማክስ ማርቲን አለበት) እና መጨረሻው ላይ በአማርኛ የምትዘጋዋ የ2015ቷ «ዘ ሂልስ»። ሦስት መግቢያ በር አለ። የ2011ዱ «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» ጨለማ ነው፤ አደንዛዥ ዕፅና አዳር፣ ቤተሰብ ባለበት በጭራሽ። ድምፁ ግን እዚያ ነው እርቃኑን ያለው፣ ከላይ ይዞ ሲያንቀጠቅጠው እኔ የአስቴርን ካሴቶች ያስታውሰኛል። የ2020ው «አፍተር ሃወርስ» ለሁሉም የሚሆነው ነው፣ ለሩጫም ለቤት ጽዳትም።

የእኔ ምርጫ በ2022 የወጣው «ዳውን ኤፍ ኤም» ነው። አልበሙ በሙሉ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ነው፣ አቅራቢው ደግሞ ኮሜዲያኑ ጂም ካሪ። ቀልድ አያወራም፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ወደ ብርሃኑ ተጓዙ እያለ ያስፈራራል እንጂ። መሃል ላይ ኩዊንሲ ጆንስ መጥቶ ስለ እናቱ ያወራል፤ ትሪለርን ያዘጋጀው፣ የፍሬሽ ፕሪንስም ዋና አዘጋጅ ከነበሩት አንዱ የሆነው ያው ኩዊንሲ። ዘፈኖቹ አንዱ ካንዱ ሳይቋረጡ ይገባሉ፣ ስለዚህ ሸፍል የምትለዋን ነገር አጥፉና ከአንድ ጀምሩ። ማታ መንገድ ጭር ሲል መኪና ውስጥ ነው የሚያምረው፣ ሹፌሩ ከፈቀደ። ካልፈቀደ ቢሊ ጂንን ክፈቱለት፣ በሱ የሚከራከር ሹፌር አላየሁም።